በለቅሶ ስም ወደ አባይ ማዶ

ከመካነ ሰላም ወደ አባይ በረሃ የሚወርደውን የእግር መንገድ ይህን ከሚያነቡት አብዛኞቹ አይሄዱበትም። መኪና አይገባበትም፤ ሰው ለማየት የሚጓጓለት ነገርም የለበትም። እኔ የሄድኩበት በሰባ ሰባቱ ረሃብ፣ በጥር ወር፣ ከእህቴ ቤተሰብ ጋር ነው። በየዕለቱ የያዝኩትን ማስታወሻ ያኔ ለማንም አላሳየሁም፤ ማሳየትም አይቻልም ነበር። አሁን ሳሰፍረው የቀኖቹን ቅደም ተከተል እንደነበረ ትቻለሁ፤ ያላየሁትን አልጨመርኩም።

ማክሰኞ

ከአዲስ አበባ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሕዝብ አውቶቡስ ተነሳሁ። በቦርሳዬ ውስጥ በራሽን ካርድ ያገኘሁት ስኳር፣ ባለቤቴ ያዘጋጀችው ዳቦ ቆሎ፣ ለልጆች ገንፎ የሚሆን ዱቄትና የመሥሪያ ቤቴ ደብዳቤ ነበር። ደብዳቤው በቦረና አውራጃ ስላለው የእርዳታ ሥራ እንድዘግብ መላኬን ይገልጻል። ጉዞውን የለመንኩት እኔው ነኝ። ከሳምንት በፊት አንድ ነጋዴ ከእህቴ ከታንጉት መልእክት አምጥቶልኝ ነበር፤ ሁለት ቃል ብቻ፦ "ተጽፈናል። ና።"

"ተጽፈናል" ማለት ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ዓመት ወሎዬ የሆነ ሁሉ ያውቃል። ለሰፈራ ስማቸው ተመዝግቧል፤ በጭነት መኪና ወደማያውቁት አገር ይወሰዳሉ።

ጣርማ በርን አልፈን ቆላው ላይ ስንደርስ በመንገዱ ዳር የተቀመጡ ሰዎች መታየት ጀመሩ። አይለምኑም፤ ተቀምጠዋል። ከፊቴ የነበረች ሴት እየገመጠችው የነበረውን ዳቦ በነጠላዋ ሸፈነችው። እኔም በቀደም ሰፈር ውስጥ በስኳር ሰልፍ ላይ ያጉረመረምኩትን አስታወስኩ።

ደሴ የደረስኩት ሊመሽ ሲል ነው። አልጋ ቤቶቹ በእርዳታ ሠራተኞች ተይዘዋል። የአንዱ ሆቴል ባለቤት "ወሎዬ ነህ ወይስ ከነሱ?" ብለው ጠየቁኝ። "የመካነ ሰላም ልጅ ነኝ" ስላቸው ከባንኮኒው ጀርባ ፍራሽ አነጠፉልኝና "አብሽር፣ ደሴ መጥቶ ደጅ ያደረ የለም" አሉኝ።

ረቡዕ

ወደ መካነ ሰላም የሚሄድ አውቶቡስ አልነበረም። ደብዳቤዬን አሳይቼ ስንዴ በጫነ መኪና ላይ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጥኩ። ሾፌሩ የደሴ ልጅ ነው፤ ሲነዳ የማያወራ፣ ጎማ ሲፈነዳ የሚያወራ። ጎማው ሁለት ጊዜ ፈነዳ፤ አንዱ ጉጉፍቱ ላይ፣ እጅ በሚያደርቅ ብርድ ውስጥ።

"ስንዴ ይዤ እገባለሁ፣ ሰው ጭኜ እወጣለሁ" አለኝ ብሎን እየፈታ። "የባዶ ጉዞ የለኝም።"

"ቤተሰብን አንድ ላይ ነው የምትጭነው?"

"የሞላልኝን ነው የምጭነው። ማን የማን እንደሆነ ወረቀቱ ያውቃል።"

"ወረቀቱ ቢሳሳትስ?"

ቀና ብሎ አየኝ። "ጋዜጠኛ ነህ አይደል? አንተ ጻፈው፤ እኔ ልጆች አሉኝ።"

አቀስታ ላይ ሻይ ብቻ አገኘን። ዳቦ ቆሎዬን አካፈልኩት። ፍሬዎቹን አንድ በአንድ እየቆጠረ ግማሹን በኪሱ ከተተ።

ሐሙስ

ከመካነ ሰላም ወደ ታንጉት ቤት ቀድሞ የአንድ ሰዓት መንገድ ነበር። መንገዱ ያው ነው፤ የጠፋው ድምፁ ነው። ውሻ አልጮኸብኝም። ሦስት ቤቶች በራቸው በእሾህ ታጥሯል፤ ሰዎቹ ሄደዋል ማለት ነው።

ታንጉት ታላቄ ናት፤ እናታችን ከሞተች ወዲህ እንደ እናት የማያት። ደጇ ላይ ሳማ በድንጋይ ትቀጠቅጥ ነበር።

"ወፍረሃል" አለችኝ ስማ ስትጨርስ። "አዲስ አበባ እህል አለ ማለት ነው።"

"ሰልፍ አለ።"

"ሰልፍስ እኛም ጋ አለ። የጎደለን ከፊቱ የሚገኘው ነው።"

ባሏ ደምሴ ከጓዳ ወጣ። ረጅም ሰው ነበር፤ አሁን ቁመቱ ብቻ ቀርቷል። ከበሬዎቹ አንዱ ሞቷል፣ ሌላው ተሽጦ ተበልቷል። ቀንበሩንና ሞፈሩን አንድደውታል። የቀረው ብረቱ፣ ማረሻው ነው፤ በጨርቅ ጠቅልሎ ከራስጌው አስቀምጦታል። የዘጠኝ ዓመቷ ልጃቸው ዘሪቱ ሳመችኝ። የአራት ዓመቱ ሞላ ከእናቱ ጀርባ ሆኖ አየኝና ዓይኑን መልሶ ጨፈነ።

ነገሩን ደምሴ አስረዳኝ። መኪናው እሑድ ጠዋት ይመጣል። ባለፈው ጊዜ ጎረቤታቸውን በአንዱ መኪና፣ ሚስቱን ከሁለት ልጆች ጋር በሌላው ጫኗቸው፤ እስካሁን የት እንደደረሱ የሚያውቅ የለም። ታንጉት የምትፈራው ሰፈራውን ብቻ አልነበረም። "ሞላ የመኪናውን ጉዞ አይችለውም" አለችኝ። "ቢሞትብኝ እንኳ የት እንዳወረዱት አላውቅም።"

ከአባይ ማዶ፣ መርጡለ ማርያም አጠገብ፣ የደምሴ አክስት አለች። እዚያ እህል አለ። ችግሩ መድረሻው ነው። ከገበሬ ማኅበሩ ክልል ያለ ይለፍ ወረቀት መውጣት አይቻልም፤ ለተጻፈ ሰው ደግሞ ይለፍ አይሰጥም።

"አንድ መንገድ አለ" አለ ደምሴ። "ለቅሶ። ለቅሶ የሚከለክል ሊቀመንበር ገና አልተወለደም።"

"ማን ሞተ እንበል?"

"የሞቱትንማ ሁሉም ያውቃቸዋል። ያልሞተ ነው የምንፈልገው።"

ታንጉት ድንጋዩን ጣለችው። "በሕይወት ያለ ሰው ሞተ ብዬ አላለቅስም። አፌም አይልም።"

እዚህ ላይ ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ ማስታወሻዬ ላይም እንዲሁ ተጽፏል። የእናታችን ወንድም አያ ይመር ከአባይ አፋፍ ላይ ይኖራል። እናታችን ክርስቲያን አግብታ የወጣች የእስላም ቤት ልጅ ናት፤ በእኛ አገር እንዲህ ያለው ብዙ ነው። አያ ይመር በወጣትነቱ በመልካው፣ በወንዙ መሻገሪያ ላይ፣ በተነፋ ስልቻ ሰው ያሻግር የነበረ ዋናተኛ ነው። መሄድ ያለብን እሱ ጋ ነው። "ውሸቱ ትንሽ ይሁን" አልኳቸው። "አገሩም እውነት፣ ዝምድናውም እውነት፣ ስሙም እውነት። አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ።"

"ያቺ አንድ ነገር እኮ ነፍስ ናት" አለች ታንጉት።

ሞላን ከጀርባዋ አውርዳ አስተኛችው። ከጠዋት ጀምሮ ሲተኛ ሁለተኛው ነበር። ለረጅም ጊዜ አየችውና "እሺ" አለች።

አርብ

ሊቀመንበሩ ደጁ ላይ ቆሞ ሰማን። "ነፍስ ይማር" አለ፤ ቀጥሎም "እሑድ ጠዋት ሜዳው ላይ እንድትገኙ። አትጥፉ።" የኔን ደብዳቤ ገልብጦ አየና መለሰልኝ፤ ይለፍ አልጻፈልንም፣ በቃል ብቻ ለቀቀን።

ታንጉት ነጠላዋን በለቅሶ አለባበስ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ለበሰች፤ ሞላን አዘለች። ደምሴ አንድ ጥቅል ተሸከመ። ለቅሶ የሚሄድ ሰው ዕቃ ስለማይዝ ለስንቅና ለልጆች ልብስ ብቻ ነው ተባብለን ነበር። በመንገድ ላይ አንዴ ተቀበልኩትና ክብደቱ አስደነገጠኝ።

"ማረሻውን ይዘሃል?"

"ታዲያ በምን ላርስ ነው?"

"በሬ የለህም።"

"በሬ ይገኛል" አለኝና ጥቅሉን ወሰደብኝ።

ከሰዓት በኋላ ደጋው አልቆ ቁልቁለቱ በሚጀምርበት ቦታ ኬላ አለ፤ ሁለት ድንጋይና አንድ ግንድ። የአብዮት ጥበቃው ምንሽር ጠመንጃውን በጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ስሙ እንድሪስ ነው።

"ይለፍ?"

"ለቅሶ ነው" አለ ደምሴ።

"የማን?"

ደምሴ ወደ እኔ ዞረ። የመለሰችው ታንጉት ናት። "የአጎቴ። የይመር። ከአባይ አፋፍ።"

ልጁ ብድግ አለ። "አያ ይመር? ዋናተኛው? ኢና ሊላሂ! መቼ?"

"ባለፈው እሑድ ተቀበረ አሉን።"

"እናቴን በሙላት ያሻገራት እሱ ነው። እኔ ሆዷ ውስጥ ነበርኩ" አለ። ጠመንጃውን በትከሻው አንግቶ የደምሴን ጥቅል ነጥቆ ተሸከመ። "ብቻችሁን አትሄዱም። ነውር ነው። እኔም እደርሳለሁ።"

በሥራዬ ብዙ ጊዜ ኬላ ላይ ቆሜ ተመርምሬያለሁ። ከደግነት የተነሳ የፈራሁት ያን ቀን ነው።

እንድሪስ ከኬላው በታች ያለችው መንደር ውስጥ ወዳሉ አንዲት አሮጊት፣ እማ ፋጡማ ወደሚባሉ፣ ወሰደን። ወሬውን ሲሰሙ እጃቸውን በራሳቸው ላይ ጫኑ። "ይመር ሞቶ ሳይነገረን! ይህን ያህል ነው ሰው ያለቀው?" ቤታቸው ውስጥ የቀረችው አንዲት ፍየል ናት። ከሷ ያለቡትን፣ አንድ ስኒ የማይሞላ ወተት፣ ለሞላ ሰጡት። ስኒውን ሊመልስ ሲል "አፈር ስሆን ጠጣ፣ የኔ ሆድ" እያሉ ለመኑት። ጠጣው። ለእኛም መደባቸውን ለቀው እሳቸው መሬት ላይ ተኙ። እኔ በደሴው ፍራሽ ላይ የተሻለ እንቅልፍ ተኝቻለሁ።

ቅዳሜ

ጠዋት ስንወጣ እማ ፋጡማ ደጅ ላይ አሥር ሴቶች ቆመው ጠበቁን። ነጠላቸውን ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው ለብሰዋል። አንዳንዶቹ ለመቆም ግድግዳውን ይደገፋሉ።

"እናንተ እንኳ ብትቀሩ..." አልኩ ለእማ ፋጡማ። "ሩቅ ነው፤ አቅምም የለም።"

"አቅም የለም ተብሎ ለቅሶ ይቀራል?" አሉኝ። "ከተማ ነው ያበላሸህ።"

አዲስ አበባ ውስጥ ለቅሶ ሲባል ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፤ የቀረ ይቀጣል። እዚህ የሚቀጣ የለም። በየመንደሩ ጥቂት ጥቂት ሰው እየተቀላቀለ በሁለተኛው መንደር ስቆጥር ሃያ ሦስት ሆነናል። እንድሪስ ከኋላ ነው፤ ጠመንጃው በአንድ ትከሻ፣ የደምሴ ጥቅል በሌላው።

ደምሴን ወደ ጎን ሳብ አድርጌ "ለእማ ፋጡማ እውነቱን እንንገራቸው" አልኩት።

"ለአንዷ ከነገርክ ለሁሉም ነግረሃል። ልጁም ይሰማል።"

"ስንደርስ ሰውየው ደጁ ላይ ተቀምጦ ቢያገኙትስ?"

"አንተ አይደለህም እንዴ ትንሽ ውሸት ያልከው?" አለኝ። ቁጣ አልነበረውም፤ ዓይኑ ቁልቁል የአባይን ገደል ያያል።

ከአያ ይመር ቤት በላይ ካለው ጉብታ ስንደርስ እማ ፋጡማ ቆሙና ወደ ታንጉት ዞሩ። በወጉ መሠረት ለቅሶውን የምትጀምረው ዘመድ ናት። ታንጉት ወደ እኔ አየች። ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ፣ ደረቷን እየመታች ሙሾውን አወጣችው፦

የመንገደኛ ቤት፣ ያባይ አፋፍ በሩ፣
ማን ይቀበለናል፣ ከተኛ ይመሩ።

የውሸት ለቅሶ ይሆናል ብዬ ነበር። አልሆነም። በዚያ ዓመት ለሞተ ሰው አይለቀስም ነበር፤ የሚያለቅስበት ጉልበት ያለው አልነበረም፤ ሰው በጠዋት ይቀበርና ቀባሪው ወደ ስንዴ ሰልፍ ይሄዳል። እነዚህ ሴቶች ከወራት በኋላ ያገኙት የመጀመሪያው ለቅሶ ይህ ነው። አንዷ ይመርን ብላ ጀምራ የልጇን ስም ጠራች። ሌላዋ ባሏን። እማ ፋጡማ ሦስት ስም ተራ በተራ ጠሩ። ታንጉት የእናታችንን ስም ስትጠራ እኔም ፊቴን አዞርኩ። እየወረድን፣ እየጮህን፣ ወደ ቤቱ ተጠጋን።

አያ ይመር ደጁ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ተቀምጦ የተቀደደ ስልቻ በመርፌ ይሰፋ ነበር።

ከፊት የነበረችው ሴት ጮኸችና መሬት ላይ ተቀመጠች። ለቅሶው በአንድ ጊዜ ቆመ። እማ ፋጡማ "ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ" እያሉ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ሚስቱ ከዲጃ በሩ ላይ ብቅ አለች፤ በእጇ የያዘችው ቅል ወደቀ።

አያ ይመር መርፌውን በስልቻው ላይ ሰክቶ ቀስ ብሎ ተነሳ። መጀመሪያ ታንጉትን አየ፤ ቀጥሎ የታዘለውን ልጅ፣ ቀጥሎ ደምሴን፣ መጨረሻ ላይ ጠመንጃውን። ከዚያ "ምን ቆማችሁ?" አለ። "አልቅሱ እንጂ። ጥሩ ይዛችሁት ነበር።"

አንዲት ሴት ሳቀች፤ ሳቁ መልሶ ወደ ልቅሶ ዞረባት። ታንጉት እግሩ ላይ ወደቀች። "ይቅር በለኝ አያ" አለችው። "ተነሽ" አላት፤ "አልሀምዱሊላህ፣ አለሁ።"

እንድሪስ ወደ ፊት መጣ። "ማን ነው መርዶውን የነገራችሁ?"

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ደሴ ላይ ሰምቼ ነው።"

"ጋዜጠኛ ነኝ አላልክም? ሳታጣራ ነው እንዴ የምታወራው?"

ሴቶቹ ተነሱብኝ። "አፍህን ያሽገው!" "ሟርተኛ!" "ይህን ሁሉ መንገድ በባዶ ሆድ!" በሃያ ዓመት ሥራዬ ያላጣራሁትን ወሬ አውጥቼ አላውቅም። አንገቴን ደፍቼ ተቀበልኩ።

እንድሪስ ግን ገና አልጨረሰም። ደምሴን እያየ "እንግዲህ የሞተ ከሌለ ለቅሶ የለም" አለ። "ፈቃዱ ለለቅሶ ነው። ዛሬውኑ እንመለሳለን፤ ነገ መኪናው ይመጣል።"

ታንጉት ሞላን ከጀርባዋ ወደ ደረቷ አዞረችው። ደምሴ አልተንቀሳቀሰም።

"ጎረምሳው" አለ አያ ይመር። "የማን ልጅ ነህ?"

እንድሪስ የእናቱን ስም ተናገረ።

"አንተን ነዋ የተሸከምኩት! ያኔም ከባድ ነበርክ። ቁጭ በል። በቁሙ የተለቀሰለት ሰው፣ ዘመዶቹ ሦስት ቀን አብረውት ዱዓ ሳያደርጉ ቤቱን አይለቁም። ከለቀቁ መርዶው እውነት ይሆናል።"

"ይህ ወግ የት ነው ያለው? እኔ ሰምቼ አላውቅም።"

"ከኔ በፊት ሞቶ የተነሳ ስለሌለ ነው።"

ሴቶቹ ሳቁ። እንድሪስ አልሳቀም፤ ግን ተቀመጠ።

ቀጥሎ ያየሁትን በጥንቃቄ ነው የጻፍኩት። ለቅሶ የደረሰ ሰው ሳይቀምስ አይሸኝም። አያ ይመር ለሚስቱ በዓይኑ ወደ ላይ አመለከታት። ከምድጃው በላይ፣ ጥላሸት የለበሱ የማሽላ ራሶች በገመድ ተንጠልጥለዋል። ዘር ናቸው፤ ጢሱ ከነቀዝ እንዲጠብቃቸው ነው እዚያ የሚሰቀሉት። ከዲጃ አልተንቀሳቀሰችም። "አውርጂው" አላት። አወረደችው፤ ሸለቀቁት፤ ቀቀሉት። ለሃያ ሦስት ሰው በእፍኝ በእፍኝ ደረሰ። አያ ይመር የራሱን እፍኝ ይዞ "የገዛ ንፍሮዬን ስበላ እዩኝ" አለ። እንድሪስ ድርሻውን ከእጁ ላይ አንድ በአንድ በላ። ከዘሩ የቀረው ሁለት ራስ ነው። ቆጥሬያለሁ።

ሴቶቹ ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። እማ ፋጡማ ሲሄዱ ታንጉትን ሳሙና "ደግ አደረግሽ፤ ወጣልኝ" አሏት። እኔን አልሳሙኝም።

እንድሪስ የመጨረሻው ነበር። "ሰኞ እመጣና እወስዳችኋለሁ" አለ። የደምሴን ጥቅል ካስቀመጠበት አንስቶ በእጁ መዘነና ለደምሴ አስረከበው።

"ይሄ ከባድ ነው" አለው ቀስ ብሎ። "ውሃ ውስጥ ይጎትታል።"

ዞር ብሎ ሳያይ ዳገቱን ወጣ።

እሑድ

ሊነጋጋ ሲል ወደ መልካው ወረድን። ደጋው ላይ በጥር ብርድ ነው፤ እዚህ ገና ፀሐይ ሳትወጣ ሰው ያልበዋል። ደምሴ ማረሻውን ለከዲጃ ሰጥቷታል። በሩ ላይ ሲሰጣት ሁለት ጊዜ ሰጥቶ ሁለት ጊዜ መልሶ ተቀበላት፤ በሦስተኛው ለቀቀላት።

አባይ በጥር የሚያስፈራ አይመስልም፤ ቡናማና ዝም ያለ ነው። አያ ይመር መጀመሪያ ድንጋይ እየወረወረ ጮኸ፤ አዞ ካለ ይሸሻል። ከዚያ ስልቻዎቹን ነፋ። የሰፋው ስልቻ አየር ያፈሳል፤ አፉን በእጁ አንቆ ይዞ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠና "ለልጅ ይሆናል፣ ለትልቅ ሰው አይሆንም" አለ።

በስድሳ ዓመቱ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። መጀመሪያ ዘሪቱን፣ ቀጥሎ ታንጉትን ከሞላ ጋር፣ መጨረሻ ላይ ደምሴንና እኔን። ታንጉት መሐል ላይ ሳለች ከላይ ከአፋፉ የሰው ድምፅ ተሰማ። ሁላችንም ደረቅን። አያ ይመር ግን መዋኘቱን አላቆመም። ድምፁ ከብት የሚነዳ ሰው ሆነ። እኔ ወንዙ መሐል ላይ ማስታወሻ ደብተሬን በጥርሴ ነክሼ ይዤ ነበር፤ የደብተሩ ጠርዝ ላይ የጥርሴ ምልክት አሁንም አለ።

ማዶ ስንደርስ አያ ይመር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ደጋግሞ አስነጠሰ። ታንጉት እጁን ይዛ "ከኛ ጋር ና አያ። ሰኞ ልጁ ይመጣል" አለችው።

"ይምጣ። ዱዓው አልቋል፣ ሄደዋል እለዋለሁ።"

"ዘሩንስ በልተንብሃል።"

"የበላችሁትን በልታችኋል።" ተነስቶ ስልቻውን በትከሻው ጣለ። "አንቺ፣ ያቺን ግጥም ከየት አመጣሻት? 'የመንገደኛ ቤት' ያልሻትን?"

"ከአፌ መጣ።"

"ደግ ናት። ስንት ሰው በዚህ ዓመት ሳይለቀስለት ሄደ። እኔ ቁጭ ብዬ ሰማሁ።" እየሳቀ ውሃው ውስጥ ገባ።

ሰኞ

የጎጃምን ዳገት ቀኑን ሙሉ ወጣን። ከላይ ስንደርስ ደምሴ የታጨደ ማሳ አየና ቆመ። ገለባው በረድፍ ተከምሯል። ይህ ሁሉ ከአንድ ወንዝ ማዶ ብቻ ነው። አክስቱ ቤት ገንፎ ቀረበልን። ታንጉት ለሞላ በትንሽ በትንሹ ሰጠችው፤ ብዙ ሲሰጡት የሞተ ልጅ አይታለች። በማግሥቱ ሞላ ውሻ አባረረ። ታንጉት ደጅ ላይ ቆማ ውሻው እስኪጮህ ድረስ አየችው።

እኔ በደብረ ማርቆስ በኩል አዲስ አበባ ተመለስኩ። ለመሥሪያ ቤቴ ስለ ስንዴው መድረስ አጭር ዜና ጻፍኩ። በውስጡ ያለው ሁሉ እውነት ነበር፤ ያየሁት ሁሉ ግን በውስጡ አልነበረም።

አያ ይመር በዚያው ዓመት ክረምት እንደሞተ ታንጉት የሰማችው ከወራት በኋላ ነው። መርዶ ነጋሪዎቹ እንድታለቅስ ጠበቋት፤ እሷ ተነስታ ውሃ ቀዳችላቸው።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ለማጣራት ሄድኩ። ከዲጃ በዚያው ቤት አለች። እንድሪስ ያን ሰኞ መጥቶ ደጁ ላይ ትንሽ ተቀምጦ፣ ውሃ ጠጥቶ መሄዱን ነገረችኝ። ሁለቱን የማሽላ ራሶች ዘርተዋቸው በቅለዋል። አያ ይመርን የገደለው ረሃብ ነው ወይስ ወባ ብዬ ጠየቅኳት። "ሁለቱም ነበሩበት" አለችኝ። ቀብሩ ላይ አራት ሰው ነበር።

"አልከፋውም" አለች። "'ሰው ጠፋ ብለሽ እንዳታፍሪ፤ የኔ ተለቅሷል፣ ሰምቼዋለሁ' አለኝ።"

የሞተበትን ቀን ጠየቅኳት። አታውቀውም። ዝናብ ነበር፣ ሰኔ ወይም ሐምሌ ነው፤ ቀን የሚቆጥር ሰው አልነበረም። ማረሻውን ከጓዳ አውጥታ ለደምሴ እንዳደርስለት ሰጠችኝ፤ ቅባት ቀብታ ነው ያቆየችው።

በማስታወሻዬ ላይ የምጽፈው ሰው የሞተበትን ቀን አጣርቼ ከስሙ ትይዩ ማስፈር ልማዴ ነው። ለአያ ይመር ቦታውን ለረጅም ጊዜ ባዶ ትቼው ነበር። አሁን የሰፈረው ቀን በጥር ወር ያለ ቅዳሜ ነው፤ ያለቀስንለት፣ እሱም ተቀምጦ የሰማን ቀን።